አቶ ኪሮስ ያልደበቋቸው ጥዶች

ሐሙስ፣ ግንቦት 4 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ኪሮስ ወልዱ የተባሉ የስልሳ ዓመት ገበሬ ከራሳቸው ጫካ ስምንት ጥድ ቆርጠዋል ተብለው በሁለት ነጭ ለባሾች፣ በገጠር ጸጥታ ጠባቂዎች፣ ታጅበው ሰቆጣ ገቡ። እጃቸው አልታሰረም። መጥረቢያቸውን ከነጭ ለባሾቹ አንዱ ተሸክሞት ነበር። እኔ ከገበያው ዳር፣ አቶ ኑሩ የሚባሉ ነጋዴ ሱቅ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ።

ዓመቱን ልተወው። ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ነበሩ፤ በሰቆጣ ዶሮ በሃምሳ ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ይህን ሁሉ ሳላነሳው ብዙ ጊዜ ኖሬ ነበር፤ ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት እዚህ ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ዝናብ ያዘኝና አንድ የአናጢ ቤት በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። ውስጥ ጥድ ይሰነጠቃል። ያን ሽታ የማያውቅ ሰው ላይገባው ይችላል፤ ደረቅ ነው፣ ጣፈጥ ይላል፣ አፍንጫ ውስጥ ይቆያል። "አባቴ፣ ምነው ብርድ ላይ? ይግቡ እንጂ" አለኝ አናጢው። ጥዱ ከየት እንደመጣ ጠየቅሁት። "ከፈረሰ ቤት የወጣ ነው። አዲስ ጥድማ ዛሬ የት ይገኛል ብለው!" አለና ወደ መጋዙ ተመለሰ። ዝናቡ ካባራ በኋላም እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ሰቆጣን መጀመሪያ ያየኋት ከዚያ ሐሙስ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ጋዜጣው የላከኝ የአንበጣ ወሬ እንዳጣራ ነበር። ከደሴ እስከ ኮረም በጭነት መኪና፣ ከኮረም ሰቆጣ ደግሞ ሁለት ቀን በበቅሎ ሄድኩ። ካኪ ሱሪ ለብሼ፣ ሸራ ጫማ አድርጌ ነበር፤ ጫማው የመጀመሪያውን ወንዝ ስንሻገር ሶሉ ተገንጥሎ ቀረ፤ በሁለተኛው ቀን የከተማዋ በርባሶ ሠሪ ከመኪና ጎማ የቆረጠውን አድርጌ መዞር ጀመርኩ። ከአበርገሌ ቆላ በሚወጣው መንገድ አሞሌ ጨው የጫኑ ግመሎች ይገቡ ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አስረው፣ ማር በቅል ተሸክመው ይቆማሉ። ገበያው ላይ ከፊሉ በኽምጣኛ፣ ከፊሉ በአማርኛ፣ አልፎ አልፎም በትግርኛ ይከራከራል፤ አንዱ ሰው በአንዱ ቋንቋ ዋጋ ጠርቶ በሌላው ሲሳደብ እሰማ ነበር። አቶ ኑሩ በባትሪ የሚሠራ ራዲዮ ነበራቸው። ከሰዓት በኋላ ሲከፍቱት ሰው ከሱቁ ፊት ይሰበሰባል። በዚያ ሰሞን በየቀኑ የሚመጣ የመሲንቆ ዘፈን ነበር፤ ግጥሙ ከአእምሮዬ ጠፍቷል፣ የሱቁ የጋዝና የሳሙና ሽታ ግን ከዜማው ጋር ተጣብቆ ቀርቷል።

አንበጣው ሳይመጣ ቀረ። ባዶ እጄን መመለሴ ከንክኖኝ ሳለ አቶ ኑሩ ስኳር እየመዘኑ እንዲህ አሉኝ፦ "ለጋዜጣ የሚሆን ነገር ከፈለግህ የኪሮስን ጫካ ሄደህ እይ። እኔ እስላም ነኝ፤ ለሚካኤል የተጠበቀ እንጨት አያገባኝም። ግን አገሩን ሁሉ በንግድ ዞሬዋለሁ፤ እንዲያ ያለ ጫካ በዋግ ሁለተኛ አላየሁም።"

ወደ አምደወርቅ በሚወስደው መንገድ የግማሽ ቀን የእግር ጉዞ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ተራራ የተላጨ ራስ ይመስላል። ከዚያ አንድ ጠመዝማዛ ታልፋለህ፤ ከምንጭ በላይ ባለ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ጥድና ወይራ ጥቅጥቅ ብሎ ይታያል። አቶ ኪሮስ ሊቀበሉኝ ወረዱ። ቀጭን፣ አጭር ሰው ናቸው፤ ጋቢያቸው ብዙ ጊዜ ታጥቦ ሳስቷል። ቤታቸው ውስጥ የሚናገሩት ኽምጣኛ ስለነበር አማርኛቸውን እያንዳንዱን ቃል መዝነው ነበር የሚያወጡት።

"ዛፉ ስንት ይሆናል?" አልኳቸው።

"ቀጥ ቀጥ ያለው ጥድ ሦስት መቶ አርባ ሁለት ነው። ጎባጣውን አንቆጥርም።"

"ይህን በቃልዎ እንዴት ያውቁታል?"

"በየዓመቱ እናገረዋለሁ እኮ።"

ነገሩን ያስረዱኝ ዳገቱን እየወጣን ነው። መሬቱ የሰሞን መሬት ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ለአገልግሎት የምትሰጠው ማለት ነው። አንዱ በቅስና፣ አንዱ ደወል በመደወል ያገለግልና መሬቱን ይበላል። የአቶ ኪሮስ ቤተሰብ አገልግሎት እንጨት ነበር። የደብሩ ጣራ ባረጀ ጊዜ ወራጁንና ምሰሶውን ይሰጣሉ፤ ለዚያ ሲሉ ጫካውን ይጠብቃሉ። ከጫካው በታች ያለውን እርሻ ደግሞ ያርሳሉ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ የሚካኤል ዕለት፣ ቅዳሴ ሲያልቅ እንጨት ጠባቂው በሕዝቡ ፊት ቆሞ ስንት ቀጥ ያለ ጥድ እንዳለው ይናገራል። ሽማግሌዎቹ "ይበርክት" ይላሉ። አንዲት ዛፍ መደበቅ ነውር ነው፤ የደበቀ ሰው ለራሱ ሊሸጥ አስቧል ማለት ነውና።

"ቢዋሹስ ማን ያውቃል?" አልኳቸው።

ሳቁ። "ሚካኤል ያውቃል። ሚካኤልስ ይቅር ይለኝ ይሆናል፤ የአጎቴ ልጅ ገብሬ ግን አይለኝም። ከእኔ ኋላ እየሄደ ይቆጥራል።"

ደሴ ስመለስ አጭር ጽሑፍ ጻፍኩ። በዋግ ዳገት ላይ ያለ መንግሥት ጥበቃ የቆየ ደን እንዳለ፣ ጠባቂው ማን እንደሆነና የት እንደሚገኝ፣ የዛፉንም ቁጥር ጨምሬ ነበር። አዘጋጁ ወደደው፤ ገጹ አናት ላይ አወጣው። ጽሑፉ ውስጥ ስሕተት አልነበረም። እስካሁን ድረስ ቆርጬ ያስቀመጥኩት አለኝ፤ በዚህ ሳምንት አውጥቼ አነበብኩት፤ አሁንም ስሕተት አላገኘሁበትም።

ቀጥሎ የሆነውን በዓይኔ አላየሁም፤ ከሦስት ሰዎች ለየብቻ ሰምቼ ቃላቸው አንድ ሆኖ ስላገኘሁት ነው የምጽፈው። በሁለተኛው ዓመት አዲስ የደን ደንብ ወጣ፤ ዛፍ ያለው ሰው ዛፉ ሊቆጠርበትና ሊመዘገብበት ነው የሚል ወሬ ወደ ዋግ ደረሰ። ሰዉ ወሬውን የሰማው ከደንቡ በፊት ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከዋጉ ዝቋላ እስከ ደሃና መጥረቢያ ሲጮህ ሰነበተ ይላሉ። አምስት ወይራ ያለውም፣ ሃያ ጥድ ያለውም ቶሎ ጣለ፤ ያልተቆጠረ ዛፍ አይጠየቁበትም። አቶ ገብሬ የራሳቸውን ጉብታ እስከ ጉቶው አጽድተው፣ እንጨቱን ለከሰል ሸጠው፣ ወደ አጎታቸው ልጅ መጡ።

"ኪሮስ፣ ሰዎቹ ሳይደርሱ ግማሹን ጣለው" አሏቸው።

"የሚካኤልን እንጨት?"

"የሚካኤል ይሁን የገብርኤል! እነሱ በስምህ ነው የሚጽፉት። ሞኝ አትሁን አንተ ሰው።"

"ተቆጥሮ አያውቅም እንዴ? በየዓመቱ ይቆጠራል። አንድ ቆጣሪ ቢጨመር ምን ይሆናል?"

"አይ የእኛ አዋቂ!" ብለው አቶ ገብሬ ወጡ።

ቆጣሪው አቶ ታደለ ይባላል፤ ከእርሻ መሥሪያ ቤት የተላከ፣ ሰፊ ባርኔጣ የሚያደርግ ወጣት ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። በኋላ ሳነጋግረው፣ ኮረብታዎቹ እየተራቆቱ አፈሩ ወደ ተከዜ እየሄደ እንደሆነና ደንቡ ያን ለማቆም እንደወጣ ነገረኝ፤ የነገረኝ ሁሉ እውነት ነበር። አቶ ኪሮስ ጋ ሲደርስ እኩለ ቀን ሆኖ ደክሞት ነበር። ከላይኛው ዳገት ሁለት መቶ ዘጠና ዛፍ ቆጥሮ ደብተሩን ሊዘጋ ሲል፣ አቶ ኪሮስ "ጌታው፣ ከገደሉ ሥር ያሉት ቀሩዎት" አሉት። መንገድ የለውም ቢላቸው እጁን ይዘው አወረዱት። ሦስት መቶ ሃምሳ አንድ ሆነ። እኔ ቁጥሩን ከሰማሁ ወዲህ ያደጉ ዘጠኝ ነበሩ፤ እነሱን በተለይ በኩራት እንዳሳዩት አቶ ታደለ ራሱ ነግሮኛል። ወረቀቱ ላይ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። ማንበብ አይችሉም። ቅጂውን በጨርቅ ጠቅልለው ከአባታቸው ዳዊት ጋር ሰቀሉት።

ወረቀቱ የሚለውን አንብቤዋለሁ። ዳገቱ ቀጥ ያለና ከምንጭ በላይ በመሆኑ ጥብቅ ደን ተብሏል። ከደሴ የጽሑፍ ፈቃድ ሳይመጣ የቆመም የወደቀም እንጨት አይነካም። ከብት አይገባበትም። ዛፍ ቢጠፋ ባለይዞታው ይጠየቃል። የአቶ ገብሬ ጉብታ በዚያው ቀን ተጎብኝቶ "ደን የሌለበት" ተብሎ ተመዘገበ፤ ማንም ምንም አልከለከላቸውም። ጠብቆ ያቆየው ሰው ሕግ መጣበት፤ የጨፈጨፈው በሰላም አደረ። ብዙ ዓመት ስለ መንግሥት ሥራ ጽፌአለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ቀላል ስሌት አላጋጠመኝም።

በሚቀጥለው የበልግ በረዶ የሚካኤል ጣራ ወደ ምሥራቅ በኩል ወረደ። ውሃው መቅደሱ ድረስ ገባ። ገበዙ፣ የደብሩን ንብረት የሚያስተዳድሩት ቄስ ሞገስ ማለቴ ነው፣ ስምንት ወራጅ ጠየቁ። አቶ ኪሮስ ሰቆጣ ወርደው በማመልከቻ ጸሐፊ ለደሴ አጻፉ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሰባት ጊዜ መልስ ሊጠይቁ ተመላለሱ፤ እየመጡ አቶ ኑሩ ሱቅ ፊት ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ያሳርፉ ነበር። "ደብዳቤው በመንገድ ላይ ነው" ይሏቸዋል። አቶ ኑሩ አንድ ቀን፣ "ኪሮስ፣ ይህ ደብዳቤ ከግመል ወርዶ በኤሊ ነው መሰል የሚመጣው" ቢሏቸው፣ "ኤሊም ቢሆን ይድረስ፤ ክረምቱ ነው የማይጠብቀኝ" አሉ።

ገበዙም አልጠበቁም። በሚያዝያ መጨረሻ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ሰዉ እየሰማ ተናገሯቸው።

"ኪሮስ፣ መሬቱን የምትበላው እንጨት ልትሰጥ ነው።"

"አባ፣ መቼ እንቢ አልኩ? የመንግሥት ወረቀት ይዞኝ ነው።"

"መሬቱን ለአባትህ የሰጠን እኛ ነን፤ ወረቀቱ የኋላ ነው። ታቦቱ ላይ ዝናብ እየወረደ ደሴን ልጠብቅ? ሰኔ ሳይገባ ካላመጣህ ለሚያመጣ እሰጠዋለሁ።"

የሚያመጣው ማን እንደሆነ ሁሉም አውቋል። አቶ ገብሬ ሰዉ መካከል ቆመው ነበር።

አቶ ኪሮስ ግንቦት 1 ቀን፣ ሰኞ፣ በጠራራ ፀሐይ ስምንት ጥድ ቆረጡ። ገበዙ እንደ ልማዱ እያንዳንዱን ግንድ በመስቀላቸው ዳሰሱ። ሰዉ ሁሉ አየ። የሚደበቅ ነገር አልነበረም፤ ሊደብቁም አላሰቡም። እንዲያውም በማግስቱ ሰቆጣ ወርደው አቶ ታደለ ቢሮ ገቡና፣ "ስምንት ወርዷል፤ ሦስት መቶ አርባ ሦስት ቀርቷል ብለህ ጻፍ" አሉት። ቁጥሩ ሲለወጥ መናገር ያባቶቻቸው ወግ ነውና። አቶ ታደለ፣ "አባቴ፣ ለምን መጡ? ባይነግሩኝ እኮ ለዓመትም አላየው" እንዳላቸው ነግሮኛል። የቢሮው ጸሐፊ ሰምቷል፤ ሌላም ሰው ሰምቷል። አቶ ታደለ ሳይጽፈው ቢቀር ራሱ ሊጠየቅ ነው። ጻፈው። ሽማግሌው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ በሦስተኛው ቀን ነጭ ለባሾቹ ሄደው አመጧቸው።

እንዲህ ሆኖ ነው በዚያ ሐሙስ የተገናኘነው። እኔ የመጣሁት ስለ ኮረም መንገድ ጥገና ልጽፍ ነበር። ነጭ ለባሾቹ አቶ ኑሩ ሱቅ ፊት ውሃ ሊጠጡ ቆሙ። ጠጋ ብዬ፣ "አቶ ኪሮስ፣ ያስታውሱኛል?" አልኳቸው።

ትኩር ብለው አዩኝ። "ጋዜጠኛው ነህ።"

"አዎ።"

"የእኔን ጫካ ደሴ ላይ ያስወራህ አንተ ነህ አሉ።"

"እኔ ነኝ።"

"ትክክል አድርገህ ጽፈሃል?"

"እውነቱን ነው የጻፍኩት።"

"እኔም እውነቱን ነው የተናገርኩ" አሉና ጣሳውን ለአቶ ኑሩ መለሱ። አቶ ኑሩ ስኳር በወረቀት ጠቅልለው እጃቸው ላይ አኖሩላቸው፤ አንዱ ነጭ ለባሽ ሊከለክል ሲል፣ "ስኳርም ጥብቅ ሆነ እንዴ አንተ?" ብለው ገላመጡት። ሰዉ ሳቀ። አቶ ኪሮስ አልሳቁም።

ከሰዓት በኋላ አቶ ታደለን ፋይሉን እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት፤ አሳየኝ። የመጀመሪያው ወረቀት የእኔ ጽሑፍ ነበር፤ ከጋዜጣው ተቆርጦ በመርፌ ቁልፍ ተያይዟል። ጎኑ ላይ "ይጎብኝና ይመዝገብ" የሚል ፊርማ ያለበት ትእዛዝ ነበር። በዋግ ከተመዘገቡት ሁሉ የመጀመሪያው የአቶ ኪሮስ ጫካ ነው። ፋይሉን መለስኩለትና አመስግኜ ወጣሁ።

ፍርዱ ረጅም አልነበረም። ዳኛው፣ "ቆርጠሃል?" አሉ። "ቆርጫለሁ።" "ፈቃድ ነበረህ?" "ጠይቄ ነበር።" ስድስት ወር ተፈረደባቸው። ስምንቱ ግንድ ማስረጃ ነው ተብሎ በሰው ሸክም ሰቆጣ መጣና መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ተከመረ። ሁለት ክረምት እዚያው ተኝቶ አይቼዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የት እንደገባ የነገረኝ ሰው የለም። ይህን ሁሉ፣ የገበዙን ቃልም የአቶ ታደለንም ቃል ጨምሬ፣ ጽፌ ላክሁ። አልወጣም። ምክንያቱን ብጠይቅ አዘጋጁ ሌላ ወሬ እንደበዛ ነገረኝ። በዚያ ሳምንት ገጹ አናት ላይ የወጣው ስለ ችግኝ ተከላ የተጻፈ የሌላ ሰው ጽሑፍ ነው።

ደብዳቤው ከደሴ በሐምሌ ደረሰ። አምስት ዛፍ እንዲቆረጥ ይፈቅዳል። ተቀባዩ ወህኒ ቤት ነበሩ። ገበዙ በገቡት ቃል መሠረት ከጫካው በታች ያለውን እርሻና የእንጨት አገልግሎቱን ለአቶ ገብሬ ሰጡ፤ አቶ ገብሬ በከሰሉ ገንዘብ ከኮረም ባሕር ዛፍ አስጭነው ጣራውን አስጠገኑ። ገበዙን በኋላ ጠየቅኋቸው፤ "ልጄ፣ እኔ ታቦት ነው የምጠብቅ፤ ታቦት ጣራ ይፈልጋል" አሉኝ። ይህም እውነት ነበር። በዚህ ነገር ውስጥ ከጠየቅኋቸው ሰዎች መካከል አንድም የዋሸኝ የለም፤ እስከ ዛሬ የሚመረኝ እሱ ነው። ዋሾ ባገኝ ኖሮ ቀላል ነበር።

አቶ ኪሮስ በኅዳር መጀመሪያ ተፈቱ። ኅዳር 12 ቅዳሴ ላይ ቆመው ነበር። ቅዳሴው ሲያልቅ ስለ ጥዱ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ሰዉ ወደ ጠላው ሄደ። አቶ ገብሬ አዲሱ እንጨት ሰጪ ናቸው እንጂ ጫካው የእሳቸው አልነበረም፤ "መንግሥት ጽፎታል፣ መንግሥት ይጠብቀው" አሉ። አቶ ታደለ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። በምትኩ የተቀጠረው አንድ ዘበኛ ሦስት ወረዳ ይጠብቃል፤ ኒሯቅ ሲሆን ሰሃላ ባዶ ነው፣ ሰሃላ ሲሆን እዚህ ባዶ ነው። መጀመሪያ ሴቶች ቅርንጫፍ ወሰዱ። ቀጥሎ ከሰል አክሳዮች ከገደሉ ሥር ጀመሩ፤ ከመንገድ አይታይምና። አቶ ኪሮስ ሁለት ጊዜ ጮኹባቸው። ሁለተኛው ጊዜ አንዱ፣ "አባት፣ አሁን ምን አገባዎት? እርስዎ እኮ በዚሁ ጫካ ታስረዋል" አላቸው። ከዚያ ወዲህ ወደዚያ አቅጣጫ መሄድ ተዉ። ይህን የነገሩኝ ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተብርሃን ናቸው፤ አቶ ኪሮስ ራሳቸው ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልነገሩኝም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደዚያ ስሄድ ዳገቱ ላይ ጉቶና ጥቂት ጎባጣ ወይራ ነበር። የጥዱ ሽታ ግን ገና አልጠፋም፤ ጉቶው ፀሐይ ሲመታው ይሸታል። ምንጩ ጋ ሴቶች እንስራቸውን ደርድረው ተራ ይጠብቁ ነበር። ድሮ ተራ አልነበረም።

ከዚያ ክፉው የረሀብ ዘመን መጣ። ስለዚያ ዘመን ብዙ ተጽፏል፤ እኔም የቻልኩትን ጽፌአለሁ፤ እዚህ አልደግመውም። ሰቆጣ ውስጥ የራዲዮው ዘፈን ቆሞ ነበር፤ አቶ ኑሩ ሱቁን በከፊል ዘግተው፣ በከፊል እህል ያድሉ ነበር። ጃንሆይ ሳይወርዱ በመጨረሻው ዓመት የእርዳታ ስንዴ መጣ፤ ስንዴው በነጻ አይሰጥም፣ ለሥራ ነው ተባለ። ሥራው የተራቆቱ ኮረብታዎችን ማልማት ነበር። ጋዜጣው ልማቱን እንድዘግብ ላከኝ። በዋግ ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ ከሚካኤል ምንጭ በላይ ያለው ዳገት ነበር፤ የተመረጠበት ምክንያት ቀጥ ያለና ከምንጭ በላይ በመሆኑ እንደሆነ የሥራው ኃላፊ ገለጸልኝ። ቀድሞ ምን እንደነበረበት ጠየቅሁት፤ "ምንም፤ እንደሚያዩት ነው" አለኝ።

ሠራተኞቹ በረድፍ ቆመው ነበር። አቶ ኪሮስን ከሦስተኛው ረድፍ መሐል አገኘኋቸው። ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ወይዘሮ ለተብርሃን በየካቲት ማረፋቸውን ነገሩኝ። አፈሩ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። "ድንጋይ ነው" አሉ። የረድፉ አለቃ ከላይ ሆኖ፣ "ሽማግሌው፣ ጉድጓዱን ጠለቅ ያድርጉት!" ብሎ ጮኸ። "እሺ ጌታዬ" አሉና ጎንበስ አሉ።

ችግኙ ባሕር ዛፍ ነበር። ሥራው በዐሥራ አንድ ሰዓት ቆመ። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ኪሎ ስንዴ ተሰፈረ። አቶ ኪሮስ ድርሻቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ዳገቱን ወረዱ።